ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦ የድሮውን ባቡር ፉርጎ ልክ የምታውቁ ንገሩኝ

ሰላም ለናንተ ይሁን፣ እንዴት ከረማችሁ። እኔ የደብረ ማርቆስ ነዋሪ ነኝ፣ ስራዬ የራዲዮ፣ የቲቪና የሞባይል ጥገና ነው፣ ጋዜጣችሁን ከሱቄ አጠገብ ያለችው ሻይ ቤት ስለምትገዛ ሁሌ እዛ ነው ቁጭ ብዬ የማነበው። ለጋዜጣ ደብዳቤ ፅፌ አላውቅም፣ ረዘም ቢልባችሁ እባካችሁ እንዳትቆርጡት፣ መጨረሻ ላይ የምጠይቀው ነገር አለኝ፣ የምጠይቀውም እናንተን ሳይሆን ድሬዳዋ፣ አዋሽ፣ መተሃራ፣ ሞጆ፣ አቃቂ ያሉትን አንባቢዎቻችሁን ነው፣ በተለይ በድሮው ምድር ባቡር የሰራችሁ ወይ አባቶቻችሁ የሰሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሶስት አመት ሆነኝ፣ ማታ ማታ ሱቅ ከዘጋሁ በኋላ የድሮውን የአዲስ አበባ ጅቡቲ ባቡር በትንሹ እየሰራሁ ነው። መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ የሚታይ ብቻ አይደለም፣ ይሄዳል፣ ሐዲድ አለው፣ ጣቢያ አለው፣ አንድ ድልድይ አለው፣ ፉርጎዎቹ ውስጥ መብራት ይበራል። ውጭ ሀገር ይሄ ትልልቅ ሰዎች ማህበር አቋቁመው የሚሰሩት ስራ ነው፣ ኤች ኦ ምናምን የሚባል የታወቀ ስኬል (ከእውነተኛው ስንት ጊዜ እንዳነሰ የሚናገር ልክ) አለው፣ ሙሉ እቃው ሱቅ ይሸጣል። እኛ ጋ ሱቁ የለም፣ ስለዚህ ሁሉንም ከሌላ ነገር ነው የምሰራው፣ እንዴት እንደሰራሁት ስነግራችሁ ምን እንደጎደለኝም አብሮ ይገባችኋል።

ባቡር መጀመሪያ ያየሁት በ1990 ዓ.ም መተሃራ ነው። ያኔ ከጎጃም ተነስተን ለአገዳ ቆረጣ የወረድን ልጆች ብዙ ነበርን፣ እኔ 18 አመቴ ነው፣ በደረስን በሁለተኛው ሌሊት መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ባንኜ ተነሳሁ፣ ጎኔ የተኛው የቢቸና ልጅ "ተኛ፣ ባቡር ነው" ብሎኝ ተገላበጠ፣ እኔ ግን በዛ ሌሊት እንቅልፍ የሚባል አልወሰደኝም። እሁድ ሲሆን ጣቢያው ድረስ በእግሬ ሄጄ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩት። በኋላ ደሞዜን አጠራቅሜ እስከ ድሬዳዋ ተሳፈርኩ፣ የእንጨት አግዳሚ ላይ፣ ከሽንኩርት ጆንያና ከፍየል ጋር፣ ኤረር ላይ ሴቶቹ ብርቱካን በመስኮት ሲያቀብሉ፣ ሐዲዱ መጋጠሚያው ላይ ሲደርስ ቀጭ ቀጭ፣ ቀጭ ቀጭ ሲል፣ ሌሊቱን ሙሉ። ያ ድምፅ ከጆሮዬ ወጥቶ አያውቅም።

አሁን ያንን ባቡር ለልጆቼ ላሳይ ብል የለም። አዲሱ ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም የተመረቀው ነው፣ በጣም ጥሩ ነገር ነው፣ በኤሌክትሪክ የሚሄድ፣ ግን ሌላ ባቡር ነው፣ ብዙ ሰው ይሄን አይለየውም። የአዲሱ ሐዲድ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ነው፣ የድሮው ልክ 1 ሜትር ነበር፣ አንዱ ባንዱ ላይ መሄድ አይችልም። አዲሱ ኮንክሪት ላይ ነው የተነጠፈው፣ የድሮው ከሐዲዱ ስር በአግድም የተረበረበው ብረት ነበር። የድሮው ጣቢያ ከተማው መሃል ነው፣ አዲስ አበባ ያላችሁ ለገሃር የምትሉት እኮ "ላ ጋር" ከሚለው ከፈረንሳይኛው የመጣ ነው፣ ጣቢያ ማለት ነው፣ ያ ህንፃ ከ1922 ዓ.ም ጀምሮ ቆሟል፣ አዲሶቹ ጣቢያዎች ግን አብዛኞቹ ከከተማ የራቁ ናቸው። ምኒልክ ፈቃዱን የሰጡት በ1886 ዓ.ም ነው፣ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895፣ አዲስ አበባ የገባው በ1909። ድሬዳዋ ራሷ የተወለደችው ባቡሩ የሐረርን ተራራ መውጣት ስላቃተው ነው፣ መጀመሪያ ሐረር ነበር ሊገባ የታሰበው፣ አቀበቱ እምቢ ሲል ከስር ሜዳው ላይ ቀረና ከተማ ሆነ። ይሄን የአቀበት ነገር ያዙልኝ፣ ወደኋላ እመለስበታለሁ።

ስራውን ስጀምር እናቴ ከገጠር መጥታ ነበር። ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን አይታ "ይሄ ደግሞ ምንድነው ልጄ" አለችኝ፣ "ባቡር ነው እማ" አልኳት፣ ዞራ ዞራ አየችውና "እህሉ በየት በኩል ነው የሚገባው?" ብላ ጠየቀችኝ። ለሌላ ሀገር ሰው ላይገባው ይችላል፣ እኛ ጋ ግን ባቡር ማለት ወፍጮ ነው፣ "ባቡር ቤት ሄዳለች" ከተባለ እህል ልታስፈጭ ሄዳለች ማለት ነው። ቃሉ መጀመሪያ እንፋሎት ማለት ነበር፣ እንፋሎት የሚያሰራውን ሁሉ ባቡር አሉት፣ ጎጃም ሐዲድ ስላልመጣ ቃሉ ወፍጮ ላይ ቀረ። እናቴን አስቀምጬ ማብሪያውን ነካሁላት፣ ፉርጎዋ ዞራ ፊቷ ስትመጣ እጇን አፏ ላይ አደረገች፣ ከዛ "መልሰው፣ መልሰው እስቲ" አለች፣ ያን ቀን ማታ እራት እስኪቀርብ ስንዞር አመሸን።

እሺ ወደ አሰራሩ። የእህቴ ልጅ ከውጭ ስትመጣ አንድ ያገለገለ የልጆች የባቡር እቃ አመጣችልኝ፣ አንድ ጎታች፣ 12 ጎባጣ ሐዲድ (12ቱ ሲገጣጠም አንድ ክብ ይሰራል) እና ጥቂት ቀጥ ያለ። በካሊፐር ስለካው በሁለቱ ሐዲድ መሃል 16 ሚሊ ተኩል ነው። ይሄ ስፋት በሰሪዎቹ አለም ለትልቁ፣ ለ1,435ቱ ሐዲድ የተሰራ ነው፣ ስኬሉ 1 ለ 87። እኔ የምፈልገው ግን የ1 ሜትሩን ነው። በ87 ከሄድኩ 12 ሚሊ ገደማ የሆነ ሐዲድ ነው የሚያስፈልገኝ፣ እሱን ደግሞ ከየት አመጣለሁ። ሁለት ሳምንት አሰብኩበት። በኋላ የተገለጠልኝ ሐዲዱን ትቼ ስኬሉን መቀየር እንዳለብኝ ነው፣ 1 ሜትርን ለ60 ብታካፍሉት 16.7 ሚሊ ይመጣል፣ የኔ ሐዲድ 16.5 ነው፣ ልዩነቱን በአይን የሚያይ ሰው የለም። ስለዚህ የኔ ሀገር ሁሉ ነገሩ 1 ለ 60 ሆነ። 1 ሜትር ከ80 የሆነ በር 3 ሴንቲ፣ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው 28 ሚሊ፣ 12 ሜትር የሆነ ፉርጎ 20 ሴንቲ። ይሄ ስኬል ሱቅ ውስጥ የለም፣ ለኛ ግን ልክ ነው፣ ሁሉንም በእጄ ስለምሰራ ችግር የለውም፣ ከዚህ በኋላ ሀገራችን ውስጥ ይሄን ስራ መጀመር የሚፈልግ ሰው ካለ ይቺን ቁጥር ከኔ ይውሰድ።

ጠረጴዛው አንድ ሙሉ ኮምፔንሳቶ ነው፣ 2 ሜትር ከ44 በ1 ሜትር ከ22፣ ከስሩ በባህር ዛፍ ሞራሌ የተወጠረ። ተራራውና ገደሉ የቲቪ ካርቶን ውስጥ ያለው ነጭ ፎም ነው፣ እሱ ሱቄ ውስጥ ሞልቷል፣ በጋለ ሽቦ ይቆረጣል፣ ላዩ በጀሶ ይመረጋል። ጠጠሩ የተሰበረ ሸክላ ነው፣ ደቁሼ በወንፊት ነፋሁት፣ በሐዲዱ መሃል አፍስሼ ነጩን የእንጨት ኮላ በውሃ አቅጥኜ አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሬ በመርፌ ሲሪንጅ አንጠባጠብኩበት። ሳሙናው ካልገባ ኮላው ከላይ ይኳለላል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም፣ ይሄን ለማወቅ ግማሽ ሜትር ሐዲድ አበላሽቻለሁ። ዛፉ ጦስኝ ነው። ከጮቄ የሚመጣው ጦስኝ ገበያ ላይ በእስር ይሸጣል አይደል፣ የደረቀውን ግንዱን ስታዩት የተጠማዘዘ ትንሽ ዛፍ ነው፣ ላዩን ጠፍጠፍ አድርጌ አረንጓዴ ቀለም የነከርኩት ሰጋቱራ ሳለብስበት የአዋሽ ግራር ይሆናል፣ ቁርጥ ግራር። ክፍሉም ይሸታል፣ የገባ ሰው ሁሉ ሻይ እየፈላ ይመስለዋል።

ፉርጎዎቹ ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም ዋናው ጉዳዬ እነሱ ናቸው። በውጭ ፕላስቲክ ሉህ እየገዙ ነው የሚሰሩት። እኔ የምጠቀመው የሲም ካርድ ማቀፊያውን ነው፣ ሲሟ ተሰብራ ስትወጣ የሚጣለውን። ሱቄ ውስጥ ባልዲ ሙሉ ነበረኝ፣ አሁን የሰፈሩ ሞባይል ቤቶች ሁሉ ያጠራቅሙልኛል። ጠንካራ ነው፣ በስለት ሁለት ጊዜ ጫር ታደርጉትና እጥፍ ስታደርጉት ቀጥ ብሎ ይሰበራል፣ ማጣበቂያ ይይዛል፣ ቀለም ይይዛል። ሲሟ የወጣችበት ቀዳዳ 25 በ15 ሚሊ ነው፣ በ60 ስታባዙት 1 ሜትር ተኩል በ90 ሴንቲ፣ የመስኮት ልክ ማለት ነው! መጀመሪያ ሳሰላው ብቻዬን ቤት ውስጥ ጮህኩ። አንድ ጎን ግድግዳ ሁለት ካርድ ተኩል ይወስዳል፣ የቀሩትን መስኮቶች በስለት እየቀደድኩ ጠርዙን በሞረድ አስተካክላለሁ፣ አንድ ፉርጎ እስኪያልቅ ከአራት እስከ አምስት ሳምንት ነው። ጣራው ከቆርቆሮ ጣሳ ነው። ውስጡ ያለው አግዳሚ የአይስክሬም እንጨት ተሰንጥቆ።

ጎማው ግን አስለቀሰኝ። እቃው ላይ ከመጡት ውጪ ጎማ የለኝም፣ ቶርኖ ቤት ያለ ወዳጄ ጋ ሄድኩ፣ ከባድ የእርሻ መኪና ዘንግ የሚሰራ ሰው ነው፣ አንድ ሳንቲም የምታህል ጎማ ስሩልኝ ስለው አላመነኝም። ከነሐስ ስምንት ሰራልኝ፣ ስጭናቸው ፉርጎዋ ቀጥታው ላይ እንደ ሰከረ ሰው ግራ ቀኝ ትላለች፣ ኩርባ ላይ ትወጣለች። አንድ ወር ሐዲዱን ሳስተካክል ከረምኩ፣ ጥፋቱ ግን የሐዲዱ አልነበረም። አንድ ቀን ማታ ከእቃው ጋር የመጣችውን ጎማ በማጉያ መነፅር (የሞባይል ቦርድ በማይበት) ከጎኗ ሳያት የምትረግጥበት ፊቷ ጠፍጣፋ አይደለም፣ ወደ ውጭ በኩል ቀጠን እያለች ትሄዳለች፣ እንደ እንዝርት ጫፍ ሳይሆን በጣም በትንሹ። ለካ ትልቁም ባቡር እንዲሁ ነው። ሁለቱ ጎማ በአንድ ዘንግ ላይ ጠብቀው የተገጠሙ ናቸው፣ ኩርባ ላይ የውጪው ሐዲድ ይረዝማል የውስጡ ያጥራል፣ እንደ መኪና አንዱ ጎማ ለብቻው መፍጠን አይችልም፣ ስለዚህ ዘንጉ ወደ ውጪ ሲንሸራተት የውጪው ጎማ በወፍራም ጎኑ የውስጡ በቀጭኑ ይረግጣል፣ አንድ ዙር ሲዞሩ የውጪው ረጅም መንገድ ይሄዳል። መስመሩን የሚያስይዘው ይሄ ነው እንጂ ከንፈሩ (ከጎማው የውስጥ ጠርዝ ወጣ ያለው ቀለበት) አይደለም፣ ከንፈሩ የመጨረሻ መከላከያ ነው። በማግስቱ ወዳጄ ጋ ይዤ ሄድኩ፣ መነፅሩን አድርጎ አየና ምንም ሳይናገር ቶርኖውን አስነሳ። ያኔ የሰራልኝ ስምንቱ ጎማ በልኩ እስከተነዳ ድረስ አንድም ቀን አልወጣም። በጎማና በጎማ መሃል ውስጥ ለውስጥ 14 ሚሊ ተኩል ገደማ መሆን አለበት፣ ከጠበበ መገንጠያ (ሐዲዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ) ላይ ይሰነቀራል።

ደግሞ የሜትር ሐዲድ ፉርጎ ወገቡ ከእግሩ እጥፍ በላይ ይሰፋል፣ ቀላል ከሆነ ኩርባ ላይ ይገለበጣል፣ ስለዚህ ወለሉ ስር ዳዶ እየደረደርኩ ለጥፌ አከበድኩት። ፈጥኖ የሚገባ ሰው ግን ዳዶም አያድነውም። አንድ ቀን የጎረቤት ልጅ ማብሪያውን እስከ ጥግ አዙሮት ሶስቱም ፉርጎ ከድልድዩ አፋፍ ላይ ወርደው ገደሉ ውስጥ ገቡ፣ ልጁ ደነገጠ፣ እኔም ደነገጥኩ፣ ለእቃው ብዬ አይደለም። ጥር 1977 ዓ.ም አዋሽ አጠገብ የሆነው ትዝ ብሎኝ ነው፣ ባቡሩ ኩርባው ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ገብቶ ፉርጎዎቹ ገደል ገቡ፣ ከ400 በላይ ሰው ነው የሞተው፣ በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ የከፋው እሱ ነው። መተሃራ እያለሁ ሽማግሌዎቹ ስለሱ ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር። ልጁን ቁጭ አድርጌ ነገርኩት፣ ከዛ ቀን ጀምሮ ድልድዩ ጋ ሲደርስ ራሱ እጁን አለስልሶ ያዞራል። እኔም በስተመጨረሻ የኩርባውን የውጪ ሐዲድ ከስሩ ወረቀት አስገብቼ አንድ ሚሊ ከፍ አደረግኩት፣ ትልቁም ሐዲድ እንደዛ ነው የሚነጠፈው።

ስለ መብራቱ ብዙ አልልም ምክንያቱም እሱ ስራዬ ነው። ዲናሞውን በተራ ማብሪያ ስትቀንሱት መጀመሪያ አይነሳም ከዛ በድንገት ይፈተለካል፣ ስለዚህ በ555 አይሲና በአንድ ትራንዚስተር ኤሌክትሪኩን ቆረጥ ቆረጥ እያደረገ የሚልክ ሰርኪውት ሰራሁለት፣ እያንዳንዷ ምት ሙሉ 12 ቮልት ስለሆነች ዲናሞው በዝግታም ቢሆን ይነሳል፣ አሁን ከጣቢያው ሲወጣ እንደ እውነቱ ቀስ ብሎ ነው። ሐዲዱ ሲቆሽሽ በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉት፣ ጭረቱ ውስጥ ቆሻሻ ይከማቻል፣ የህክምና አልኮል በጨርቅ ይበቃል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ የሞተር ሳይክል ባትሪ አለ።

አቀበት ያዙልኝ ያልኳችሁ ጋ ልመለስ። ከጠረጴዛው አንዱን ጎን አዋሽ አድርጌዋለሁ፣ ሌላውን ጎን አባይን ማድረግ ፈልጌ ነበር፣ ጎሃ ፂዮንና ደጀን፣ ባቡር ጎጃም ሲገባ። አባይን በመኪና ወርዶ የወጣ ሰው ያውቀዋል፣ ከአፋፉ እስከ ውሃው ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። በኔ ስኬል 1,000 ሜትሩ ብቻ 16 ሜትር ከ70 ይመጣል፣ ከደብረ ማርቆስ ብዙ ፎቆች ይበልጣል፣ ቤቴ ጣራው 2 ሜትር ከ80 ነው። ከዛ ሐዲዱን አሰብኩት። ባቡር እንደ መኪና ዳገት አይወጣም፣ ብረት በብረት ላይ ስለሆነ ይንሸራተታል፣ 2 በመቶ ማለት በ100 ሜትር 2 ሜትር መውጣት ለጭነት ባቡር ከባድ የሚባል ዳገት ነው። በ2 በመቶ 1,000 ሜትር ለመውረድ 50 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ያስፈልጋል፣ ለመውጣት ሌላ 50፣ የመኪናው መንገድ ከጎሃ ፂዮን ደጀን በ40 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚጨርሰውን። በገዛ ጠረጴዛዬ ላይ ሞክሬዋለሁ፣ 8 ሴንቲ ከፍ ብሎ በሌላው ሐዲድ ላይ እንዲሻገር በ2 በመቶ 4 ሜትር መንገድ ያስፈልገኛል፣ ቦታ ስላልበቃኝ 3 በመቶ ተኩል አደረግኩት፣ ጎታቹ ከሁለት ፉርጎ በላይ ይዞ አልወጣም አለ፣ ጎማው ባለበት ይሽከረከራል። የብር ማሰሪያ ላስቲክ ሁለቱ ጎማ ላይ አጥልቄለት፣ ሆዱ ውስጥ እርሳስ ጨምሬለት ነው ሶስተኛዋን የሳበው። ሐረርን ትቶ ድሬዳዋ ላይ የቀረው ለምን እንደሆነ በመፅሐፍ ካነበብኩት ይልቅ በዛች ማታ ነው የገባኝ።

ሻይ ቤት ቁጭ ብለን "ጎጃም ለምን ባቡር አልገባም" የሚለውን ስንጨቃጨቅ ከዚህ በኋላ እቺን የ50 ኪሎ ሜትር ሂሳብ ነው የማወጣው። አልተፈለገም የሚል አለ፣ ረስተውን ነው የሚል አለ፣ እኔ ግን የአባይን አፋፍ ያላየ መሃንዲስ የለም ነው የምለው። ስለዚህም ነው መሰለኝ በሀገሪቱ የባቡር እቅድ ላይ ከፍኖተ ሰላም ተነስቶ በባህር ዳር፣ በወረታ፣ በወልድያ አድርጎ ወደ ጅቡቲ አቅጣጫ የሚወርድ መስመር የታሰበው፣ የአባይን በረሃ ሳይሻገር በሰሜን በኩል ዞሮ። እኔም አባይን ከጠረጴዛዬ ላይ አነሳሁትና ያንን ጎን ፍኖተ ሰላም ጣቢያ አደረግኩት። የሌለ ጣቢያ ነው፣ ግን የበርበሬ ጆንያ የቆመበት መድረክ አለው፣ ከጀርባው የአዊ ፈረሰኞች አሉ፣ ፈረሶቹን ልጄ ናት ከጭቃ የሰራቻቸው። የድሮ ባቡር በዛ በኩል መጥቶ እንደማያውቅ አውቃለሁ፣ ለሚጠይቀኝ ልጅ ሁሉም ይሄ የታሰበ ነው፣ ያኛው የነበረ ነው ብዬ ለይቼ ነው የምነግረው።

ቅዳሜ ከሰአት ሱቁን ዘግቼ በሩን ለልጆች እከፍታለሁ። የትምህርት ቤት ልጆች ናቸው፣ አንዳቸውም ባቡር አይተው አያውቁም። መጀመሪያ ዝም ብለው ያያሉ፣ ከዛ አንዱ ጎንበስ ብሎ አይኑን ከሐዲዱ እኩል ያደርጋል፣ ከዛ ሁሉም ይንበረከካሉ፣ ምክንያቱም ከላይ ሲያዩት መጫወቻ ነው፣ ጎንበስ ብለው ሲያዩት ግን ባቡሩ ወደነሱ ነው የሚመጣው። መጋጠሚያዎቹን አልበየድኳቸውም፣ ሆን ብዬ፣ ቀጭ ቀጭ እንዲል።

አሁን የምፈልገውን ልናገር። ሶስት ፉርጎ ሰርቻለሁ፣ ሶስቱም ከትዝታዬና ከጥቂት ደብዛዛ ፎቶ ነው የተሰሩት፣ ልካቸው ትክክል ስለመሆኑ እርግጠኛ አይደለሁም፣ ይሄ ደግሞ እንቅልፍ ይነሳኛል። የሌለ ጣቢያ ብሰራ የሌለ ነው እላለሁ፣ የነበረውን ፉርጎ አሳስቼ ሰርቼ ይሄ ነበር ብዬ ለልጆች ማሳየት ግን ውሸት ነው። አንድ መስሪያ ቤት ሄጄ የፉርጎዎቹ ንድፍ ካለ ኮፒ እንዲሰጡኝ ጠይቄ ነበር፣ ደብዳቤ አምጣ አሉኝ፣ አመጣሁ፣ ከየትኛው ድርጅት ነህ አሉኝ፣ ከራሴ ነው ስላቸው ተመለስ አሉኝ። ስማቸውን አልጠራም፣ ጊዜ የላቸው ይሆናል። ግን ንድፉ አንድ ሳጥን ውስጥ ተጣጥፎ አይጥ ሲበላው ይታየኛል፣ ፉርጎዎቹም ዘበኛ በሌለበት ቆመው እየዛጉ ናቸው፣ ቁርጥራጭ ብረት የሚገዛ ሰው ከደረሰባቸው ደግሞ በኪሎ ይሄዳሉ። አንዴ ከተቆረጠ ማንም አይለካውም።

ስለዚህ እናንተ ድሬዳዋ ያላችሁ፣ የጥገና ወርክሾፑ ውስጥ የሰራችሁ ወይም ፉርጎ ከቆመበት ግቢ አጠገብ የምትኖሩ፣ ፈቃድ አግኝታችሁ በሜትር ብትለኩልኝ። በጣም የሚያስፈልገኝ ይሄ ነው፦ የሶስተኛ ማዕረጉ ፉርጎ ከጫፍ እስከ ጫፍ ርዝመቱ፣ ስፋቱ፣ ከሐዲዱ እስከ ጣራው ጫፍ ከፍታው፣ በአንድ ጎን ስንት መስኮት እንዳለው፣ መስኮቱ ወደ ታች ነው ወደ ላይ የሚከፈተው (እኔ ወደ ታች ነው የማስታውሰው ግን ተጠራጠርኩ)፣ ከስሩ በአንድ ጋሪ (ጎማዎቹን በያዘው) ላይ ባሉት ሁለት ዘንጎች መሃል ያለው ርቀት፣ የጣራው ጉብጠት በካርቶን ተቀርፆ ቢሆን ደግሞ እንዴት ደስ ባለኝ። ፎቶ ስታነሱ ከጎን ቀጥ ብላችሁ አንሱት፣ በሰያፍ ከሆነ ልኩ ይጠፋል፣ አጠገቡም ቁመቱ የሚታወቅ ሰው ወይ አንድ ሜትር የሆነ ዱላ አቁሙ፣ ከዛች ዱላ ሌላውን ሁሉ አሰላዋለሁ። ቀለሙ ደግሞ፣ የውጪው ቀለም ከፀሐይ ስለሚነጣ የበሩን ውስጥ ጠርዝ፣ ዝናብ ያልነካውን ቦታ እዩልኝ።

የፈረንሳዩ አልስቶም ኩባንያ የሰራውን ጎታች የነዳችሁም ካላችሁ፣ እናንተን ደግሞ አንድ ነገር ነው የምጠይቃችሁ፣ ከጣቢያ ስትነሱ ጥሩምባውን ስንት ጊዜ ነበር የምትነፉት? እኔ ሁለት ጊዜ አጭር አንድ ጊዜ ረጅም አድርጌ ነው የገጠምኩት፣ አንድ ሽማግሌ ሰምተው አይደለም አሉኝ፣ ግን ትክክለኛውን ሳይነግሩኝ ሄዱ።

ዝግጅት ክፍሉ መልስ የሚልክ ሰው ካለ እባካችሁ በዚሁ ገፅ ላይ አውጡልኝ፣ ሌላም የሚሰራ ሰው ካለ ያየዋል። አራተኛውን ፉርጎ ወለሉንና ጋሪውን ጨርሼ ግድግዳው ላይ ቆሜያለሁ፣ ካርዱ ተዘጋጅቷል፣ ስለቱም ተስሏል፣ መስኮቱን ግን ልኩ እስኪመጣ አልቀድም።

አክባሪያችሁ
ራዲዮ ጠጋኙ አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ማርቆስ